ትኋኗ ፎቶ የተነሳች ቀን

«ከዚያ ከልብስ ሰፊዋ ቤት ነው ያመጣችብን፤ ሌላ ከየት ይመጣል!» አለች አክስቷ ስልክ ላይ። ልጅቷ ከግድግዳው ወዲህ፣ «ዕቃ ማስቀመጫ» በምትባለው ክፍሏ ውስጥ፣ አንድ እግሯን ካልሲ ውስጥ ከትታ ሌላውን ካልሲ በእጇ እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች። ግድግዳ ተብሎ ይጠራል እንጂ ኮምፔንሳቶ ነው፤ አክስቷ ከወዲያ ስታስነጥስ ከወዲህ «ይማርሽ» የምትለው እሷ ናት። በዚያ ላይ አክስቷ ስልክ ጆሮዋ ላይ አትለጥፍም። ጨረር አለው ብላ፣ ድምፁን ለቃ፣ እንደሚፋጅ ብርጭቆ ከፊቷ አርቃ ይዛ ነው የምታወራው። ስለዚህ የአክስቷ ሚስጥር የቤቱ ሁሉ ሚስጥር ነው፤ መስኮቱ ከተከፈተ ደግሞ የደረጃውም።

«ውይ! ትኋን? እናንተ ቤት?» አለች ከወዲያ የባሏ እህት። ያዘነች ለመምሰል ሞክራለች፤ ደስታዋ ግን እየቀደማት አስቸገራት።

«ትራሴ ላይ! እየሄደች ያዝኳት። ሃያ ዓመት በዚህ ቤት ስኖር በቁንጫ እንኳ አልታማሁም። ይቺ የሰው አሮጌ ልብስ ስታገላብጥ ትውልና ወደኔ ትገባለች፤ በቃ! ለአጎቷ ነግሬዋለሁ፤ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስዳታል።»

ልጅቷ ሁለተኛውን ካልሲ ሳታጠልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ልብስ ሰፊዋ ጋ ሥራ ከጀመረች ሰባት ወሯ ነው። ሦስቱን ወር ክር ጠረገች፤ ከዚያ ቁልፍ ተከለች፤ አሁን ጠርዝ ትዘመዝማለች። ሁለት ወር ስትጨምር ማሽን ላይ ትቀመጣለች ተብሏል። ሴትዮዋ ቃሏን ሰጥታለች፤ ቃሏን ስትሰጥ ግን አስጠንቅቃም ነው፦ «ወንበሩን የማቆየው ለአንቺ ነው፤ አንድ ሳምንት ከጠፋሽ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሞልቷል።» አጎቷ ቤት በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። እዚያም የስፌት መኪና አለ፤ የለም አይባልም። የአጎቷ ሚስት ቴሌቪዥኑን ያስቀመጠችበት ነው።

ደግሞ አንድም ሰው «አንቺንስ በልቶሻል ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም። አልበላትም። የአክስቷ ክንድ ላይ እንደ አውቶቡስ ሰልፍ የተደረደረ ቀይ ቀይ ነገር አለ፤ ባልየውም አንገቱን ሲያክ ነው የሚውለው፤ የእሷ ገላ ግን ንጹሕ ነው። እንግዲህ ትኋኗ ከእሷ ጋር ከመጣች፣ እሷን ዘላ፣ ኮሪደሩን ተሻግራ፣ በተዘጋ በር ሥር ሾልካ ባልና ሚስቱን ለመብላት ምን አስለፋት? ምናልባት የባለቤት ሥጋ ይጣፍጥ ይሆናል። ይህንኑ ቁርስ ላይ ሻይ እየቀዳች ልትናገር ሞከረች።

«አክስቴ፣ እኔን እኮ አንድም ቀን አልበላኝም።»

«ለምዶሽ ነዋ!» አለች አክስቷ። ባልየው የዳቦውን ለስላሳ እየበላ ልጡን ሳህኑ ዳር ይደረድራል፤ ቀና አላለም። በዚህ ቤት ከባድ ነገር ሲነገር እሱ ዳቦ ይልጣል።

የአክስቷን ባል የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሌንስ» ነው የሚለው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ወረቀት ላይ ማኅተም የሚመታ ሰው ነው፤ ነፍሱ ግን ያለችው ማክሮ ፎቶ ላይ ነው። ማክሮ ማለት ትንሽ ነገርን ተጠግቶ አልጋ የሚያህል አድርጎ ማንሳት ነው። ጉንዳን፣ የዝንብ ዓይን፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ቧንቧ ጫፍ ላይ ያለች ጠብታ። ችግሩ ጋሽ ሌንስ ፎቶ ያነሳበት ቀን ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው መብራት ሲመርጥ ነው። ዝንቧ መብራት እስኪመረጥላት ድረስ አርጅታ ትሞታለች። ሚስቱ ስለ ዕቃዎቹ ዋጋ ጠይቃ አታውቅም፤ እሱም ተናግሮ አያውቅም። ሶፋው ግን ከዓመት ዓመት አንድ ጎኑ እየጎደጎደ ሄዶ አሁን የሚቀመጥበት ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ያዘነብላል፤ ሁለቱም ያንን ጉድጓድ እያዩ ዝም ይባባላሉ።

ያን ቀን ግን ጋሽ ሌንስ ዕድል ቀናው። አክስቷ ለተባይ አጥፊው ደውላ «ፎቶ ላኩልኝ» ሲላት ሰማ። ሰውየው ነገሩ መርሮታል፦ «ጥርት ያለ ፎቶ ካላየሁ አልመጣም፣ እናቴ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ትኋን ነው ብሎ ከተማውን ሙሉ አቋርጬ ስደርስ የፖም ፍሬ ነው ያሳየኝ።»

ጋሽ ሌንስ ዳቦውን አስቀመጠ። ከሠርጉ ቀን ወዲህ እንዲህ ቀጥ ብሎ የቆመበትን ቀን አክስቷም አታስታውስም። «ይሄ በስልክ የሚነሳ ነገር አይደለም» አለ። «ይሄ ማክሮ ነው። ዛሬ መሥሪያ ቤት አልሄድም። አንቺ ልጅ፣ መብራት ትይዥልኛለሽ።»

«ልጅቷ ዕቃዋን ትሸክፍ እንጂ!» አለች አክስቷ።

«መጀመሪያ መብራት ትይዛለች፤ ከዚያ ትሸክፋለች» አለ ጋሽ ሌንስ፤ ዳኛ ይመስል።

ሳሎኑ ተዘጋ፤ መጋረጃው ወረደ። ጋሽ ሌንስ ከባልና ሚስቱ አልጋ ሥር ትልቅ ጥቁር ሳጥን እየጎተተ አወጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሊዘጋ ከነበረ ፎቶ ቤት ከነመብራቱ ገዝቶት፣ ሰው እንዳይነካበት ራሱ ተኝቶ የሚጠብቀው ሳጥን ነው። ሲከፈት ውስጡ በቀይ ከፋይ የተለበጠ ነው። እያንዳንዱ መብራት ተለክቶ በተቆረጠለት ጉድጓድ ውስጥ ተጋድሟል፤ ልጅቷ ከምትተኛባት ፍራሽ በብዙ ይሻላል። ጋሽ ሌንስ አንድ በአንድ እያወጣ ምንጣፉ ላይ ደረደረ። ትልቅ ፍላሽ። ቀለበት የሚመስል፣ ሌንሱ አፍ ላይ የሚጠለቅ መብራት። እንደ ሸረሪት እግር የሚጣጠፉ ሁለት ክንድ ያሏቸው ትንንሽ አምፖሎች። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፤ ደግሞ ለማቆሚያው ማቆሚያ። ካሜራውን በፀጉር ስፋት ወደፊትና ወደኋላ የምትገፋ ባለ ጥርስ ሐዲድ። ብር የመሰለ አንጸባራቂ ጨርቅ፤ በሌላ በኩል ሲገለበጥ ወርቅ ይመስላል። «ወርቁ ሞቅ ያለ ቆዳ ላለው ነው» አለ። ትኋኗ ብርጭቆ ውስጥ ሆና ይህ ሁሉ ድግስ ለእሷ መሆኑን አላወቀችም።

መጀመሪያ በፍላሹ ተሞከረ። ብልጭ ሲል አክስቷ ከማድ ቤት «ምንድነው የፈነዳው?» ብላ ጮኸች። ፎቶው ላይ የትኋኗ ጀርባ ነጭ ሆኖ ነድዷል፤ ፀሐይ የወጣባት ትመስላለች። ቀጥሎ ቀለበቱ መብራት ገባ። ይሄኛው ጋሽ ሌንስ በጣም የሚወደው ነው፤ በመግዣው አንድ ሶፋ ይገዛ እንደነበር ልጅቷ በሆዷ ገምታለች። ትኋን ጀርባዋ ያብለጨልጫል፤ ስለዚህ መብራቱ እንዳለ ጀርባዋ ላይ ክብ ሠርቶ ቁጭ አለ፤ ሳህን ተሸክማ የምትሄድ አስተናጋጅ መሰለች። ደግሞ አንድ ቦታ አትቆምም። ብርሃን ስታይ ከተቀመጠችበት ወረቀት ጠርዝ ሥር ሹልክ ትላለች፤ ልጅቷ በመርፌ ጫፍ ትመልሳታለች፤ ጋሽ ሌንስ ሐዲዱን ያሽከረክራል፤ እሱ ሲደርስ እሷ የለችም።

«ማቀዝቀዣ!» አለ ጋሽ ሌንስ። «ነፍሳት ሲበርዳቸው ይደነዝዛሉ።»

«ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ትኋን?» አክስቷ በሩ ላይ ደረሰች። «ወተቱ አጠገብ?»

«ለአምስት ደቂቃ ነው፤ በብርጭቆ ተከድኖ።»

«ለአንድ ደቂቃም ቢሆን!»

ትኋኗ ገባች። በዚህ ቤት አክስቷ ትጮኻለች፣ ጋሽ ሌንስ ያደርጋል። ትኋኗ ከወተቱ አጠገብ አምስት ደቂቃ አርፋ ስትመለስ በእውነትም ደንዝዛ ነበር። አሁን ግን ሌላ ጣጣ መጣ። እንዲህ ተጠግቶ ሲነሳ ጥርት የሚለው ቦታ የወረቀት ውፍረት እንኳ የለውም፤ አፍንጫዋ ሲጠራ እግሯ ጉም ይሆናል፤ ሰው ኮሪደሩ ላይ ከተራመደ ሁሉም ይዋኛል። ጋሽ ሌንስ በቤቱ ውስጥ መራመድ ከለከለ። አክስቷ አንድ እጇ ላይ ሽንኩርት እንደያዘች ማድ ቤት በር ላይ ተተክላ ቀረች፤ ለትኋን ክብር በገዛ ቤቷ ቆመች። ልጅቷ ባለ ሸረሪት እግሩን መብራት ይዛ ሰዓቱን በዓይኗ ትለካ ነበር። ስድስት ተኩል።

«ጋሼ» አለች፤ አክስቷን አንቺ፣ ባልየውን እርስዎ ነው የምትለው፤ ርቀቱን ሁለቱም ያውቁታል። «መብራቱ ፊት ለፊት ስለሚመታት ነው የምታብለጨልጨው። ነጭ ገበር ልጋርድበት?»

«ገበር? ቀሚስ የምንሰፋ መሰለሽ እንዴ?»

«እኛ ጋ ሳቲን ስንሰፋ አምፖሉ ዓይን ይወጋል፤ ገበር ስንሰቅልበት ግን ብርሃኑ ይለሰልስና ስፌቱ ቁልጭ ይላል። ከጎን ደግሞ ቢመታት ጥሩ ነው፤ የተሸበሸበ ነገር የሚታየው ከጎን ነው።»

ጋሽ ሌንስ ያልሰማ መሰለና አንድ ሁለቴ በራሱ መንገድ አነሳ፤ ሁለቱም ሳህን ሆኑ። ከዚያ ሳያያት እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ከቦርሳዋ የተረፈ ነጭ የገበር ቁራጭ አመጣች፤ እጥፍ አድርጋ በልብስ መቆንጠጫ መብራቱ ፊት ሰቀለችው፤ ሌላውን መብራት ዝቅ አድርጋ ከጎን ያዘችው። ጋሽ ሌንስ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቁልፉን ተጫነ። ካሜራው ጀርባ ላይ ትኋኗ ድመት አክላ ወጣች። የሆዷ ሽንትር፣ የጀርባዋ ፀጉር፣ የእግሯ መገጣጠሚያ ሁሉ ተቆጥሮ የሚያልቅ ሆነ።

«አየሽ» አለ ጋሽ ሌንስ፤ ድምፁ ለስልሶ። «ገበሩን እኔም እያሰብኩት ነበር። ይሄ የልምድ ጉዳይ ነው።»

 የልጅቷ ዓይን የትኋኗ የኋላ እግር ላይ ሄዷል። እግሯ ላይ ቀይ ነገር ተጠምጥሟል፤ አጭር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጫፉ በመቀስ እንደተቆረጠ ደፍጠጥ ያለ። የሱፍ ክር እንዲህ አይደለም፤ ሱፍ ይጠማዘዛል። ጥጥም አይደለም፤ ጥጥ ጫፉ ይበታተናል። ሦስት ወር ሙሉ ከወለል ላይ በእጇ የለቀመችውን ነገር ትስተዋለች? የከፋይ ፀጉር ነው፤ ቀይ ከፋይ። ልብስ ሰፊዋ ጋ ከመጣች ወዲህ ቀይ ከፋይ የሚባል ጨርቅ እዚያ ቤት ተቆርጦ አያውቅም። ቀና ስትል የጋሽ ሌንስም ዓይን ከካሜራው ተነስቷል፤ ሁለቱም እኩል ሳጥኑን አዩ። ሳጥኑ ምንጣፉ ላይ አፉን ከፍቶ፣ አንድ ጥግ ላይ ከፋዩ ተልጦ ተቀምጧል። ማድ ቤት በር ላይ አክስቷ «አሁንስ መራመድ ይቻላል?» አለች። 

ጋሽ ሌንስ ፎቶውን ወደ ሚስቱ ስልክ አዛወረና በአውራ ጣቱ መቁረጥ ጀመረ። በቀኝ ቆረጠ፤ በግራ ቆረጠ፤ ከታች ቆረጠ። ቀዩ ነገር ከነእግሩ ሄደ።

«ጋሼ፣ እግሯን ቆረጧት እኮ።»

«ለቅንብሩ ነው። ፎቶ ላይ የማያስፈልግ ነገር ይወጣል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ኮምፔንሳቶ ያለበት ቤት የኖረ ሰው ዝቅ ማድረግ ያውቃል። «ስሚኝ፤ ለአክስትሽ አሁን ብነግራት ዕቃዬን በሙሉ በመስኮት ነው የምትለቀው። እኔ ሳጥኑን ቀስ ብዬ አወጣዋለሁ። አንቺ ደግሞ አጎትሽ ጋ ትንሽ ትቆያለሽ፤ ነገሩ ሲረሳሳ አስመልስሻለሁ። ልጅ ነሽ፣ ምን ይቀርብሻል?»

«ወንበሬስ?»

«የቱ ወንበር?»

እውነቱን ነው፤ አያውቅም። ሰባት ወር አንድ ገበታ ላይ ሻይ ስትቀዳለት ወዴት እንደምትሄድና ምን እንደምትጠብቅ አልጠየቃትም። ዝንብ ስንት ዓይን እንዳላት ግን በቃሉ ያውቃል። 

የተባይ አጥፊው ቁጥር ያለው አክስቷ ስልክ ላይ ነው፤ በዚህ ቤት ደግሞ ፎቶ መላክ የምትችለው ልጅቷ ብቻ ናት። ጋሽ ሌንስ ስልኩን ሰጣትና «የተቆረጠውን» አለ፤ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ። የተቆረጠውን ላከች። ሙሉውንም አስከትላ ላከች። ከሥሩ ደግሞ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመ የእጅ ጽሑፍ ስልክ ላይ አይታይምና፣ «እግሯ ላይ ያለው ቀይ ምንድነው» ብላ ጻፈችበት።  ከዚያ ስልኩን ለአክስቷ መልሳ ቦታዋ ቆመች።

መልሱ ቶሎ አልመጣም። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ሆነ። አክስቷ ዕቃ ማስቀመጫ ገብታ የልጅቷን ልብስ በሁለት ጣቷ እያነሳች ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ውስጥ ትጨምር ጀመር። ሻንጣ አታጣም፤ ቁም ሣጥኑ ላይ ሁለት ተጋድሟል። ልጅቷ በሩን ተደግፋ ታያታለች።  ያቺ የምትታጠፈው ሹራብ እኮ አክስቷ ራሷ ብርድ እንዳይመታት ብላ የሰጠቻት ናት፤ አክስቷም ሹራቧን ስታገኝ እጇ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እሷንም ጨመረቻት። ሳሎን ውስጥ ጋሽ ሌንስ መብራቶቹን በለስላሳ ጨርቅ እየወለወለ ወደየጉድጓዳቸው ይመልሳል። ፌስታሉ ታስሮ መግቢያው በር ላይ ሲቀመጥ ነው ስልኩ የጮኸው። የድምፅ መልእክት ነበር፤ አክስቷ እንደ ልማዷ ከፊቷ አርቃ ከፈተችው።

«እናቴ፣ ትኋን ናት፤ የፖም ፍሬ አይደለችም። ፎቶ አንሺው ግን በጣም ጎበዝ ነው።» ጋሽ ሌንስ ደረቱ ትንሽ ተነፋ። «ሙሉው ላይ እግሯ የያዘው ቀይ ነገር የከፋይ ፀጉር ነው። ቤታችሁ በቀይ ከፋይ የተለበጠ ነገር፣ አሮጌ ሳጥን ይሁን ወንበር፣ ካለ ጎጆዋ እሱ ነው። ከልብስ ጋር የመጣች አይደለችም። አልጋ አጠገብ ካስቀመጣችሁት ደግሞ እሷ ምን ታድርግ፣ ምግቧ ከላይ ተኝቶላት! ነገ በጠዋት እመጣለሁ፤ ዕቃውን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ አቆዩኝ።»

አክስቷ ስልኩን ሳታጠፋ ሳሎን ገባች። ማንንም አልጠየቀችም። ሳጥኑ ፊት ተንበረከከች፤ የተላጠውን የከፋይ ጥግ በጥፍሯ ይዛ ሳበችው። ጨርቁ ጨርር ብሎ ተነሳ። ከሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ ነበር፤ በነጠብጣቡ መካከል ደግሞ ቤተሰቡ፣ ትልልቁ ከትንንሹ ጋር፣ ብርሃን ሲያይ እየተሯሯጠ።

«ሻጩ ምንም አላለኝም» አለ ጋሽ ሌንስ።

አክስቷ ለረጅም ጊዜ አየችው። በዚያ አስተያየት ውስጥ ሶፋውም፣ ወተቱም፣ ሃያ ዓመቱም ነበረበት። ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ ልጅቷ ሳታይ «በይ ያንን ፌስታል ከበሩ ላይ አንሺው፤ ሰው ያደናቅፋል» አለች።

ይቅርታው እሱ ነበር፤ ሌላ የለም። ጠዋት ቢሆን ልጅቷ በደስታ ፌስታሉን ለማንሳት ትበር ነበር። አሁን ግን አልተነቃነቀችም።

«ደውይላቸው፣ አክስቴ።»

«ለማን?»

«ጠዋት ለደወልሽላቸው። እኔ ነኝ ያመጣሁት ብለሻቸዋል።»

«አንቺ፣ ለትልቅ ሰው ትእዛዝ ትሰጫለሽ?»

«ትእዛዝ አይደለም። ስሜን በስልክ ወስደሽዋል፣ በስልክ መልሽልኝ።» 

አክስቷ ጣሪያውን አየች፤ ባሏን አየች። ባሏ ራሱን በትንሹ ይነቀንቃል፤ አታድርጊው ነው። ሳታየው ደወለች፤ ስልኩንም እንደወትሮው አርቃ ያዘችው።

«ወይ እህቴ! ልጅቷ ሄደች?» አለች ከወዲያ የባሏ እህት፤ ገና ሳይነገራት ደስ ብሏት።

«እንግዲህ… ያ ነገር ከልጅቷ አይደለም አሉ።»

«ከምንድነው ታዲያ?»

«ከዕቃ ነው።»

«ከማን ዕቃ?»

 መራመድ የተከለከለ ይመስል ሁሉም ባለበት ቆሞ ነበር።

«ከወንድምሽ» አለች አክስቷ። «በሣጥን ገዝቶ፣ ከፍሎ፣ አልጋችን ሥር አስቀምጦ።»

 ከወዲያ ሳቁ መጣ፤ መጀመሪያ በአፍንጫ፣ ቀጥሎ በሙሉ ደረት፤ ቤቱን ሞላ፤ በመስኮቱ ወጥቶ ደረጃው ላይ ወረደ። ጋሽ ሌንስ የቀለበቱን መብራት ታቅፎ «ጎበዝ ነው ብሏል እኮ፤ እሱንም ንገሪያት» አለ፤ የሰማው የለም። አክስቷ ስልኩን ዘጋችና ወደ ልጅቷ ዞረች፤ ፊቷ እንደ ክንዷ ቀልቷል።

«ይኸው፤ በቃሽ?»

«አጎቴ ጋ መደወል ቀረሽ» አለች ልጅቷ። «አሁን ከደወልሽለት እዚህ ሳይደርስ ታገኝዋለሽ።»

አክስቷ መነጽሯን ከራሷ ላይ አወረደች፤ ቁጥሩንም መፈለግ ጀመረች።